ሙቀጫው ያልተሰማበት ምሽት

እናቴ ቡና የምትወቅጠው ፀሐይ ከካራማራ ጀርባ ስትገባ ነው። ጠጣችም አልጠጣችም ትወቅጣለች። ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ ድምፁ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ይደርሳል። ለዓመታት የሱስ ነገር ነው ብዬ ችላ ብዬው ነበር። በሁለት አሮጊቶች መካከል የተደረገ ስምምነት መሆኑን ያወቅኩት በዚያው ዘነዘና የአንድ ልጅ ክንድ ከሰበርኩ በኋላ ነው።

ታሪኩን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። በእርቅ ሸንጎ ፊት ተናግሬዋለሁ፣ በቡና መሀል ደጋግሜዋለሁ፣ “አይ የዕድል ነገር” እያሉ አጽናንተውኛል። የተናገርኩት ግን ጎዶሎ ነበር። የጎደለውን ዛሬ እሞላዋለሁ።

ጅጅጋ ተወልጄ ያደግኩ፣ አዲስ አበባ የምኖር የግንባታ ሰው ነኝ። እናቴ ሰባዎቹን አጋምሳለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን ብቻዋን ነው የያዘችው። “ነይ ከኛ ጋር ኑሪ” ባልናት ቁጥር አንድ መልስ አላት፦ “ይህን ቤት አንዴ ጥዬው ሄጄ አይቼዋለሁ።” በመስከረም 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ታላቅ እህቴን አዝላ በካራማራ በኩል ወደ ሐረር ተሰድዳለች። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ነፃ ከወጣች በኋላ ስትመለስ ቤቱ በር አልነበረውም፤ ከነመቃኑ ተነቅሏል። ስለ ጦርነቱ ስትጠየቅ ስለ መድፍ አታወራም፤ በር በሌለው ቤት ስላሳለፈችው የመጀመሪያ ሌሊት ነው የምታወራው።

ቤቷን ጥላ የወጣችበት ሁለተኛው ጊዜ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የፌዴራል መከላከያ ሠራዊት ወደ ከተማዋ በገባበት በዚያ ዕለት፣ የሶማሌ ክልልን አስተዳደር ተገን ያደረጉ ወጣቶች ቤትና ሱቅ ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናት ተገደሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ መሐመድ ዑመር ሥልጣን ለቀቁ፤ ያው ክረምት ሳያልቅም ታሰሩ። ይህን ሁሉ አገር ያውቀዋል። እኔ የማውቀው አዲስ አበባ ተቀምጬ እየደጋገምኩ የደወልኩትንና ያልተነሣውን ስልክ ነው።

እናቴ ስልኩን ያላነሣችው ቤቷ ስላልነበረች ነው። በእኛና በጎረቤታችን ግቢ መካከል፣ ከጓሮ በኩል፣ አንዲት የቆርቆሮ በር ነበረች። ቁልፍ የላትም፤ በሽቦ ነው የምትታሰረው። እናቴ “በሪቱ” ነው የምትላት። ከልጅነቴ ጀምሮ እሳት፣ እርሾ፣ ጨው፣ የታመመ ልጅና ወሬ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነበር። ጎረቤታችን ሶማሌ ናት። እኔ “ኤዶ”፣ አክስቴ፣ እያልኩ ነው ያደግኩት። የዚያን ቅዳሜ የእኛ የፊት በር ሲደበደብ፣ ኤዶ በሪቱን ከፍታ እናቴን እጇን ይዛ ወሰደቻት። በራሷ ሻሽ ከራስ እስከ ትከሻዋ ሸፍና ከልጅ ልጆቿ መሀል አስተኛቻት። እሷ ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ወጣቶቹ ሲመጡ ምን እንዳለቻቸው አልነገረችንም። እናቴ እዚያ ሁለት ሌሊት አደረች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ለብሳ ነው የምትተኛው። ጫማዋ ከአልጋው ግርጌ አፍንጫው ወደ በር ዞሮ ይቀመጣል። የቤቱ ካርታ፣ መታወቂያዋና የአባቴ ፎቶ በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው ከራስጌዋ ናቸው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ውኃ አትጠጣም። ለኩላሊቷ ፈርቼ ተቆጣኋት። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሽንት ቤቱ የግቢው ጥግ ላይ ነው፤ በሌሊት በር ከፍታ መውጣት አትፈልግም።

ራሷን የምትከላከልበት ዘዴም ነበራት። የአባቴ ጫማ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ነው። ሰው የሚያደርገው እንዲመስል ቦታውን ትቀያይረዋለች፤ ዝናብ በዘነበ ዕለት ጭቃ ትቀባዋለች። ሬዲዮው ሌሊቱን ይለፈልፋል፤ ወንድ የሚያወራበትን ጣቢያ ነው የምትመርጠው። ኮሽ ሲል ድምፅዋን አወፍራ ትስላለች። በሰፈራችን ያሉ አዛውንት ሁሉ እንዲህ ያለ የየራሳቸው ብልሃት ነበራቸው። አንድ ጡረተኛ ወታደር ከአልጋው ሥር ፌሮ ያስቀምጣል። አንዲት ባልቴት ሚጥሚጣ በብልቃጥ ከትራሷ አጠገብ ታሳድራለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን እባቡን ከአንድ ጊዜ በላይ አይተውታል።

“ሌባ ቢገባ ምን ታደርጊያለሽ?” አልኳት አንድ ቀን።

“ኡኡ እላለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ጎረቤት ይመጣል።”

ሳቅኩባት። ጎረቤት መሣሪያ ነው ወይ አልኳት። ውሻ ልግዛልሽ ብላት “ውሻ ካለ ኤዶ ግቢዬን አትረግጥም፤ ለሶላቷ ንጹሕ መሆን አለባት” ብላ እምቢ አለች። ሽጉጥም አስቤ ነበር። ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በምክር ቤት የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። እኔን ያገደኝ ግን ሕጉ አልነበረም፤ ዋጋው ነበር። ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይህን አስብና ገንዘብ ያልነበረኝን ጊዜ እባርካለሁ።

እኔ ሰው ሲፈራ ግንብ ነው የሚታየኝ። በ2011 ዓ.ም. ብሎኬት አስመጥቼ የግቢውን አጥር ከፍ አደረግኩት። ከላዩ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ በሲሚንቶ ተከልኩበት። የፊቱን በር በላሜራ ቀይሬ ሁለት ቁልፍ ገጠምኩለት። በመጨረሻም በሪቱን ደፈንኳት።

እናቴ ብሎኬቱ ሲደረደር እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማ ነበር። “ልጄ፣ እኔን ያወጣችኝ እኮ ይቺ በር ናት” አለችኝ። “ያወጣች በር ታስገባለች” አልኳት። ብልህ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ግንበኞቹ ፊት ነውና መልስ አልሰጠችኝም። ማዶ ኤዶ የሲሚንቶውን ማቡኪያ ድምፅ ሰምታ መጣችና በቀረችው ክፍተት አየችን። “ነበድ?” አለች፤ ሰላም ነው? “ሰላም ነው፣ ለደኅንነት ነው” አልኳት። ለማን ደኅንነት፣ ከማን፣ አልጠየቀችኝም። የመጨረሻውን ብሎኬት ስናስገባ ፊቷ እዚያ ነበር።

የኤዶን ቤት ፍርሃት የማላውቀው ሆኜ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. በፊት እሷም ቤት በሌሊት በር ተንኳክቷል። የመጡት ዩኒፎርም የለበሱ ነበሩ። ልጇን ወስደው ጅጅጋ ውስጥ ጄል ኦጋዴን ይባል ወደነበረው እስር ቤት አስገቡት። እዚያ ይፈጸም የነበረውን ማሰቃየት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ለዓለም ገልጦታል። እስር ቤቱ የተዘጋው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ነው። የኤዶ ልጅ በሕይወት ተመለሰ፤ ነገር ግን በር ሲንኳኳ አይነሣም። ከጓዳ ጥግ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። በዚያ ቤት በር የሚከፍተው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ማታ የሚላከው የእሱ ልጅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቴን “አዬዮ” ይላታል፤ አያቴ ማለት ነው።

እኔ እናቴ ሌባን ስትፈራ በጡንቻና በግንብ አስብ ነበር። ኤዶ ግን ቤቷን የሰበረው መንግሥት ሲሆን በምን ትመታዋለች? ዱላ ከአልጋ ሥር ማስቀመጥ የሚችል ሰው ከመጪው ጋር መታገል እችላለሁ የሚል ነው። እሷ ያን ዕድል አላገኘችም። ለዚህ ይሆናል ፍርሃቷን በዱላ ሳይሆን በጆሮ የያዘችው፦ ማታ ማታ የጎረቤቷን ሙቀጫ ታዳምጣለች። ከተሰማ እናቴ ደኅና ናት፤ ካልተሰማ ሰው ይላካል። በሪቱ በነበረች ጊዜ መላክ ቀላል ነበር።

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። በዚያ ወቅት የጅጅጋ ሌሊት ብርድ ነው፤ ነፋሱ ቆርቆሮ ያርገፈግፋል። ከአዲስ አበባ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና አምጥቼላት ነበር። “ከእንግዲህ እጅሽ ይረፍ” አልኳት። ደስ ይበለው ብላ ነው መሰለኝ የዚያን ዕለት አልወቀጠችም። ከዱቄቱ አፍልታ ጠጣን፤ እሷም በጊዜ ተኛች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከጓሮ በኩል አንድ ነገር ዱብ አለ። ባትሪዬን ይዤ ተነሣሁ። በመተላለፊያው ላይ ከሙቀጫው አጠገብ የብረት ዘነዘናው ተጋድሟል። አነሣሁት፤ ወጣሁ።

ለሽማግሌዎች የተናገርኩት ይህን ነው፦ ጨለማ ነበር። መብራት ጠፍቷል። በአጥር የዘለለ ሰው ወደ እናቴ መኝታ መስኮት ሲሄድ አገኘሁት። ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ደነገጥኩ፤ መታሁ። ሲጮህ ነው የለየሁት።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ “አላወቅኩም” ከሚለው በቀር።

ባትሪው በርቶ ነበር። በግራ እጄ ይዤዋለሁ። ብርሃኑ መጀመሪያ ያረፈው መዳፉ ላይ ነው፤ የተከልኩት ጠርሙስ ቆርጦት ደም ያንጠባጥባል። ከዚያ ፊቱ ላይ ወጣ። የልጅ ፊት ነው። ከብርሃኑ ዓይኑን ሊከልል ክንዱን አነሣና ተናገረ፦ “አዬዮ፣ መ ነበድ ባ?” እኔ ያን ቋንቋ ፊደል ሳልቆጥር የለመድኩት ነው። አያቴ፣ ደኅና ነሽ ወይ ማለቱ ነበር። ሰማሁት፤ ገባኝ። ከገባኝ በኋላ አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነበረኝ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ዘነዘናውን ማውረድ እችል ነበር።

ያልተነሣው ስልክ መጣብኝ። ደጃፍ ላይ የቆመው የአባቴ ባዶ ጫማ መጣብኝ። የተቃጠለው፣ የተዘረፈው፣ ማንን እንደምይዝበት ያጣሁት ሁሉ መጣብኝ፤ ለዚያ ሁሉ አንድ ክንድ አገኘሁ። መታሁት። አጥንት ሲሰበር ድምፅ አለው፤ ቡና ሲወቀጥ ከሚሰማው ብዙ አይርቅም።

እናቴ እየጮኸች ወጣች። እኔን አልፋ ሄዳ ልጁን አቀፈችው። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ዘነዘናውን አልነበረም፤ በግራ እጄ የሚበራውን ባትሪ ነው። ምንም አላለችም። እስከ ዛሬም አላለች። ግን ያን ዘነዘና ዳግም አልነካችውም፤ ከገበያ የእንጨት ገዛች።

ልጁን በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድነው። በሳምንቱ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በሄር፣ ለሞት ብቻ ሳይሆን ለአካል ጉዳትም ካሳ አለ፤ ለመክፈል ገንዘብ ይዤ ነበር የገባሁት። ቃሌን ሰጠሁ። ጨለማውን፣ ድንጋጤውን፣ እናቴን አነሣሁ። እናቴን በተለይ ደጋግሜ አነሣሁ፤ አንዲት አሮጊት ምን ያህል እንደምትፈራ፣ ለብሳ እንደምትተኛ፣ ውኃ እንደማትጠጣ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ጥግ ላይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስባ ተቀምጣለች። ፍርሃቷን ያለ ፈቃዷ አውጥቼ እንደ ጋሻ ያዝኩት። እሷ ከነፍርሃቷ ሰው መትታ አታውቅም፤ ስትስል ነው የኖረችው።

ያን ጊዜ ኤዶ ተናገረች። “ጥፋቱ የኔ ነው” አለች። “ሙቀጫው ባይሰማ እስኪነጋ መጠበቅ ነበረብኝ። በሌሊት በአጥር የሚገባ ልጅ ይመታል። ካሳ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፤ በሪቱ ትከፈት።”

ሽማግሌዎቹ አደነቁ። እኔ እፎይ አልኩ። በርካሽ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ብሎኬቱን በገዛ እጄ አፈረስኩ። አንዲት አሮጊት በሰው ፊት ጥፋቴን ተሸክማ ስትነሣ ዝም ማለቴን ግን በዚያች ቀን አልቆጠርኩትም።

የሚቆጥረው ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ የወንጀል ሕጉን ገዛሁ፤ የ1996ቱን። አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ነው፦ ጥቃቱ በሌላ መንገድ የማይመለስ ከሆነና መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ አያስቀጣም። አንቀጽ 79 ከዚህ መጠን ስላለፈ ሰው ይናገራል፤ ያለፈው በጥቃቱ ምክንያት በደረሰበት ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እስከ መተው ሊደርስ ይችላል። አንቀጽ 80 ደግሞ እውነተኛውን ሁኔታ ተሳስቶ የተረዳ ሰው በተረዳው ልክ ይዳኛል ይላል፤ መጠንቀቅ እየቻለ ካልተጠነቀቀ ግን በቸልተኝነት ይጠየቃል። ሦስቱንም ደጋግሜ አነበብኩ። ሕጉ ለፍርሃት ሰፊ ቦታ አለው፤ የፈራን ሰው ያውቀዋል። እኔን ግን አያውቀኝም፤ ያን ጊዜ አልፈራሁማ። ፊቱን እስካይ ድረስ ፈርቼ ነበር። ካየሁት በኋላ የመታሁት በሌላ ነገር ነው፤ ስሙም ቂም ነው። ልጁ ደግሞ ቂም የምይዝበት ሰው አልነበረም። ሐምሌ 28 ዕለት እናቴ የተኛችው ከእሱ አጠገብ ነው።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ስለ ሌባ የተጻፈውን አስታወሱኝ፤ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ የሞተ ሌባ ደሙ በመቺው ላይ አይሆንም፤ ፀሐይ ከወጣችበት በኋላ ከሆነ ግን ደም አለበት። “ሕጉ የሚለየው ሌሊትና ቀንን አይደለም” አሉኝ፤ “ማየትና አለማየትን ነው። አንተ ስትመታው ፀሐይ ወጥታ ነበር?”

“ባትሪ ነበር፣ አባ።”

“ያው ነው” አሉኝ። ከቀኖናው ጋር አንድ ነገር አዘዙኝ፦ ለኤዶ እውነቱን እንድነግራት።

አልነገርኳትም። በሄድኩ ቁጥር በሪቱን አልፌ እገባለሁ፤ ሻይ ትሰጠኛለች፤ የልጆቼን ስም እየጠራች ትጠይቀኛለች። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይደርሳል፤ “ሻዩ ስኳር አነሰው?” ትለኛለች። በሚቀጥለው እያልኩ እመለሳለሁ። በ2015 ዓ.ም. ሞተች። የደረስኩት ከቀብር በኋላ ነው።

ከድንኳኑ ወጥቼ ልጁን ፈለግኩት። ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፤ ግራ ክንዱ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። ከአጥሩ ሥር፣ ጠርሙሱን ከነቀልኩበት ቦታ አጠገብ ቆምን። ሁሉንም ነገርኩት። ባትሪውን፣ ፊቱን ማየቴን፣ ያለውን መስማቴን፣ አንዷን ትንፋሽ።

አቋርጦ አልተናገረም። ስጨርስ “አውቃለሁ” አለ። “ብርሃኑ እኔ ላይ ነበርኮ። አንተ ታየኛለህ፤ እኔ አላይህም። እናትህ ስትጮህ ነው ማን እንደመታኝ ያወቅኩት።”

“ታዲያ ያኔ በሽማግሌዎቹ ፊት ለምን ዝም አልክ?”

“ለአያቴ ነግሬያት ነበር፤ በዚያው ሌሊት፣ ሐኪም ቤት። ‘ዝም በል’ አለችኝ። ‘እሱ ከተዋረደ በሪቱን አይከፍታትም። አሮጊቷ ከግንቡ ኋላ ብቻዋን ትቀራለች’ አለችኝ።”

የምለው አጣሁ። እሱም ባጃጁን አስነሥቶ ለለቀስተኞች ውኃ ሊያመጣ ሄደ።

ያን ዕለት ሲመሽ እናቴ ሙቀጫዋን አውጥታ ጓሮ ተቀመጠች። የእንጨት ዘነዘና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። “አሁን ማን ይሰማሻል?” ልላት ብዬ ተውኩት። ወቀጠች። ባዶዋ በሪቱ ላይ ሽቦው በነፋሱ ይወዛወዛል፤ ማዶ አንድ ሰው የጀሪካን ውኃ እያወረደ ነው። ሥራውን ለአፍታ አቆመ፣ አዳመጠ፣ ቀጠለ።